ተለማማጇን ያበላሸኋት እኔ ነኝ

ለተከበሩ የድርጅቶች ግብር ክፍል ኃላፊ፣
ግድግዳ የሌለው ፎቅ፣ ከመስታወቱ ክፍል፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል እያልኩ፣ ወገብዎን፣ ዓይንዎንና የደም ግፊትዎን ፈጣሪ ደህና ያድርግልዎ ብዬ እመርቅዎታለሁ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሰው ሂሳብ ሲያገላብጡ መዋል ድንጋይ ከመፍለጥ የማይተናነስ ድካም እንደሆነ የልጅ ልጄ ነግራኛለች። እኔ ከጉልበቴና ከአንድ ጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። አፌ በተለይ በጣም ደህና ነው፤ የምጽፍልዎም ለዚሁ ነው። «እጽፋለሁ» ማለቴ ለወጉ ያህል ነው እንጂ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የሚጽፈው ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ተክሎ ለሰው ሁሉ ማመልከቻ የሚጽፈው ሰውዬ ነው። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ያሳምራል፣ ሲበዛበት አስቆመዋለሁ። አሁን ለምሳሌ «ክቡርነትዎ» የሚል ልጨምርበት ይለኛል፤ ይጨምር፣ ዋጋው ያው ነው። በፖስታ የተላከ ደብዳቤ ከመሳቢያ እንደማያልፍም የመከረኝ እሱ ስለሆነ፣ በጋዜጣ በመምጣቴ የሚቀየሙ ከሆነ ግማሹን ቅያሜ ለእሱ ያድርጉልኝ።

እኔ በዚህ ክረምት ለሥራ ልምምድ ወደ ክፍልዎ የመጣችው፣ ሁልጊዜ ግራጫ ኮት የምትለብሰው ተማሪ አያት ነኝ። ኮቱን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ዕድሜ ልኬን ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ሌሎቹ ተለማማጆች በቲሸርት ሲመጡ እሷ በዚያ የቢሮ ሙቀት ባለ ገበር ኮት ለብሳ ስትቀልጥ የከረመችው፣ አያቷ «ቢሮ ማለት ኮት ነው» ስላላት ነው። ይህን በጥፋቴ መዝገብ ላይ የመጀመሪያው አድርገው ይያዙልኝ፤ እርስዎ በወረቀትዎ ላይ ስላላነሡት ግን አልቆጥረውም።

ሥራ በጀመረች ዕለት «ልጄ ግብር ቤት ገባች» ብዬ ሰፈሩን አዳረስኩት። ባለ ሥጋ ቤቱ ጎረቤቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ አጥንት የሌለበትን እየመረጠ ይመዝንልኝ ጀመር። በሳምንቱ ልጅቷ «አባባ፣ እኛ ግብር አንሰበስብም፤ ድርጅቶች በሕጉ ስንት መክፈል እንዳለባቸው ነው የምናሰላላቸው፤ ከሚገባቸው በላይ እንዳይከፍሉ እንመክራቸዋለን» አለችኝ። ከሚገባቸው በታች ለመክፈል የፈለጉ እንደሆነስ ብላት፣ «እንደማይቻልም እንነግራቸዋለን» አለችኝ፤ አነጋገሯ ግን እንደ ተለማማጅ ነበር። ለባለ ሥጋ ቤቱ ይህን ማስተካከያ እስካሁን አላደረስኩትም። አጥንትም እስካሁን አልገባበትም።

ልምምዷን ስትጨርስ ስለ እሷ የጻፉትን የምዘና ወረቀት ይዛ መጥታ አነበበችልኝ። አራት ነጥብ ነው። ሦስቱን እየሳቀች አነበበች፤ አራተኛው ላይ ስትደርስ ድምጿ ወረደ። «በደንበኛ ፊት ልትታመን አትችልም» ይላል። ይህ ወረቀት በወሩ መጨረሻ ወደ ኮሌጇ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ሥራ ፍለጋ የምታንኳኳው የሂሳብ ቢሮ ሁሉ ያየዋል። በእናንተ ሙያ ደንበኛ ፊት አትታመንም ማለት፣ በእኔ ሙያ ጨርቅ ትሰርቃለች እንደማለት ነው፤ ጨርቅ ትሰርቃለች ለተባለች ልጅ ደግሞ መርፌ እንኳ የሚያውሳት የለም። ስለዚህ ወረቀቱ ሳይላክ፣ የእያንዳንዱ ነጥብ ጥፋተኛ ማን እንደሆነ በትሕትና ላሳውቅዎ ተነሥቻለሁ።

1ኛ. «ከአለቆቿ ጋር ዘና ብላ መሥራት አትችልም» ላሉት፦ እኔ ስፌት የተማርኩት እሱ ሲገባ ባልተነሣ ሰው ላይ መቀስ ከሚወረውር ባለሙያ ዘንድ ነው። በዚህ እውቀቴ ተመክቼ «አለቃሽ ሲያልፍ ተነሺ» አልኳት። ቢሮዎ ከዳር እስከ ዳር የሚያሳይ ሜዳ እንደሆነ፣ እርስዎም በስልክ ሲያወሩ ከወዲያ ወዲህ የመንጎራደድ ልማድ እንዳለዎ ማን ነግሮኝ። ልጅቷ ስትነሣ ስትቀመጥ፣ ስትነሣ ስትቀመጥ ዋለች። በኋላ ከሰው ኃይል ክፍል አንዲት ደግ ሴት መጥታ «ወገብሽን ያምሻል እንዴ፣ የኔ እህት?» ብላ፣ ቆመው የሚሠሩበት ረጅም ጠረጴዛ አስመጣችላት። ከዚያ ወዲያ ችግሩ ተቃለለ፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለምትውል እርስዎን ማክበሯ ለአፍታም አልተቋረጠም። ስለ ጠረጴዛው ከልቤ አመሰግናለሁ። ደግሞም ሁላችሁም አንተ በሉኝ ብለው ማዘዝዎን ሰምቻለሁ። እሷ አፏ እንቢ ብሏት እርስዎ ስትልዎ ከረመች፤ እኔም በዕድሜ አንተ ልልዎ መብቱ እያለኝ እርስዎ ማለቴን አልተውኩም። ለክብርዎ ብዬ አይደለም፤ በዚህ ዕድሜ አፍ አይታረምም።

2ኛ. «የሥራ ድርሻዋን ለይታ አታውቅም» ላሉት፦ «ተለማማጅ ከሁሉ ቀድሞ ይገባል፣ የጌታውን ጠረጴዛ ያሰናዳል» ያልኳት እኔ ነኝ። ጠረጴዛዎ ላይ ተበታትኖ ያደረውን ወረቀት አይታ አዘነችልዎና ሰብስባ ደረደረችው፤ ያውም እኔ እንዳስተማርኳት እንደ ጨርቅ፣ ትልቁን ከሥር፣ ትንሹን ከላይ። ትንንሹ ሁሉ ደረሰኝ ነበርና የሲሚንቶ ፋብሪካውና የብስኩት ፋብሪካው ደረሰኝ ተቀላቀለ። እርስዎም የሲሚንቶ ፋብሪካው ያን ሁሉ ስኳር ምን ሊያደርግበት ገዛው እያሉ ሲመራመሩ ከረሙ አሉ። ስለባከነው ጊዜዎ ጎንበስ ብዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሲሚንቶው በስኳር ይላቆጣል ብሎ ያሰበ ሌላ ሰው በክፍሉ ባለመኖሩም ደስ ብሎኛል።

3ኛ. «በስብሰባ ላይ አትጠይቅም» ላሉት፦ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እያልኩ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። እርስዎ በመጀመሪያው ቀን «ሞኝ ጥያቄ የሚባል የለም» ማለትዎን ስትነግረኝ፣ ይህማ ወጥመድ ነው፣ እንዳትገቢበት ብያታለሁ። ስለዚህ ጥያቄዋን ሁሉ እየቋጠረች ወደ ቤት ታመጣው ነበር። የሚመልስላት እኔ ነበርኩ። ይህን ሲሰሙ ክፍልዎ ምን ዓይነት ክረምት እንዳሳለፈ ይገባዎታል። አንድ ማታ፣ የፋብሪካ ማሽን በየዓመቱ ባረጀ ቁጥር ዋጋው ይቀንሳል፣ የቀነሰውም ግብር ከሚታሰብበት ትርፍ ላይ ይነሣል፣ ስሙም የእርጅና ቅናሽ ይባላል ብላ አጫወተችኝ። ለእርጅና የሚቆረቆር ሕግ መኖሩን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነውና ደስ ብሎኝ «ለእኔስ ስንት ይነሣልኛል?» ብላት፣ «ለማሽን ነው እኮ፣ አባባ» አለችኝ። አብረን ያረጀን የስፌት መኪናዬ ከእኔ የተሻለ ጠበቃ እንዳላት ያወቅሁት ያን ማታ ነው። ጥያቄዋ እየከበደ ሲመጣና እኔም መልስ ሲያልቅብኝ፣ ምክሬን ራሴ ገልብጬ «ግድ የለም ጠይቂ፤ ሰውዬው አይነክሱሽም» አልኳት።

4ኛ. «በደንበኛ ፊት ልትታመን አትችልም» ላሉት፦ ጠየቀቻ። እንዳልኳት በማግስቱ፣ ደንበኛው በተቀመጡበት ስብሰባ ላይ አንዲት ጥያቄ ጠየቀች፤ እርስዎ ፋይሉን ዘጉት። ይህን ያህል ነግራኛለች። ጥያቄው ምን እንደነበር ግን እኔ አላውቅም። ለምኛታለሁ፣ ተቆጥቻታለሁ፣ እህል አልቀምስም ብዬ አኩርፌአለሁ፤ ኩርፊያዬ እስከ እራት ድረስ ብቻ ቢቆይም ማኩረፌ እውነት ነው። «ፈርሜአለሁ፣ አባባ፤ የደንበኛ ነገር ከቢሮ አይወጣም» አለችኝ። እነሱ ይህን ጽፈውብሽ አንቺ ምን ቤት ነሽ ብላት፣ «ምስጢሩ የጻፉብኝ ሰውዬ አይደለም፤ የደንበኛው ነው» አለችኝ። ባለ ሥጋ ቤቱ ጠይቆኝ የምነግረው አጥቼ ስቅበጠበጥ ከረምኩ። እንግዲህ ክቡርነትዎ በደንበኛ ፊት የሆነውን ያውቃሉ፤ ከደንበኛ ጀርባ የሆነውን ደግሞ እኔ አውቃለሁ፤ ደንበኛውን ጠርተው የትኛው እንደሚሻላቸው ቢጠይቋቸው ግን እኔ የሚሉትን ለመገመት ትምህርት አያስፈልገኝም።

ምስጋናም አለኝ፤ ወቀሳ ብቻ የምደረድር ሰው አይደለሁም። በመጨረሻው ቀን ልወስዳት መጥቼ ከበሩ ፊት ለፊት ቆሜ ሳለሁ ሲወጡ አይቼዎታለሁ። ሱሪዎ ቁርጭምጭሚትዎ ላይ አልደረሰም። እኔ ጨርቅ አጥሯቸው መስሎኝ ለምን ዝም አልሽኝ ብዬ እሷን ተቆጣኋት። ፋሽን ነው አለችኝ። ፋሽን ከሆነ ይሁን፤ ማሳጠር በእርስዎ ቤት ሙያ መሆኑንም ተረድቻለሁ፤ ነገር ግን አንድ ቀን ማስረዘም ያማረዎ እንደሆነ ያለ ክፍያ እሠራልዎታለሁ።

ልመናዬ አንዲት ናት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ነጥቦች ከእሷ ስም ላይ አንሥተው በእኔ ስም ይጻፉልኝ፤ አያቷ ዘና ብሎ መሥራት አይችልም፣ ድርሻውን አያውቅም፣ በስብሰባ ላይ አይጠይቅም ይበሉልኝ፤ እኔ ከእንግዲህ የሚቀጥረኝ ስለሌለ አይጎዳኝም። አራተኛውን ግን ለማንም ሳይሰጡ ይሰርዙት።

ተለማማጅ ላይ መቀስ ባለመወርወርዎ ብቻ ከእኔ ጌታ የሚሻሉ መሆንዎን በአደባባይ እየመሰከርኩ፣ ሂሳብዎ እንዲገጥም፣ ደንበኛዎም ሌሊቱን እንዲተኙ እየተመኘሁ፣ መጻፍ ባልችል አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አትሜአለሁ።

አክባሪዎ፣
የግራጫዋ ኮት አያትና ሰፊ

ተጨማሪ፦ ለጋዜጣው ከመስጠቴ በፊት ደብዳቤውን ለልጅቷ ሰጥቻት እስከ መጨረሻው አነበበችው። አይላኩት አላለችም። «አባባ፣ ሦስቱ እውነት ናቸው፤ በእርስዎ ስም አይጻፉ፤ የተነሣሁትም የደረደርኩትም ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ» ነው ያለችኝ። ሰኞ ጠዋት ራሷ ትመጣለች። ሥራ ልትለምን አይደለም፤ አራተኛዋን ዐረፍተ ነገር ብቻ እንዲያነሡላት ልትጠይቅዎ ነው። እኔ እንዳልከተላት ከልክላኛለች። በሦስቱ ተስማምታልዎ በአንዱ ብቻ አልስማማም የምትል ሴት በምን ቃል እንቢ እንደምትባል፣ ይህችን ልጅ ካሳደግሁ ጊዜ ጀምሮ ስፈልገው ኖሬ አላገኘሁትም፤ ክቡርነትዎ የተማሩ ነዎትና እስከ ሰኞ ካገኙት ለእኔም ይላኩልኝ።