በእኛው ቋንቋ ያልነገርኩሽ

አስካለ፣ የቤቴ እመቤት፤

እንደምን አለሽ ብዬ እንዳልጀምር፣ ያለሽበትን አገር አላውቀውም። እኔ እንዴት እንዳለሁ ብነግርሽ ይሻላል፤ ዕድሜሽን ሙሉ የጠየቅሽኝም እሱን ነበር። ባለፈው ታኅሣሥ ተለየሽኝ፤ ይኸው ገብሱ ታጭዶ ሌላ ታኅሣሥ ደረሰ። ለሙት ዓመትሽ ጠላ ለመጥመቅ እህትሽ ከቀየት መጥታለች። ጌሾውን የት እንዳስቀመጥሽው እኔን ስትጠይቀኝ፣ በገዛ ቤቴ እንግዳ መሆኔን አወቅሁት።

ቤቱን ዘንድሮ በአዲስ ሣር ከደንነው። የጋራ ሣራችን ጓሳው ለአጨዳ ሲከፈት ወንድምሽ ከነልጆቹ መጥቶ አገዘኝ፣ ከንግዲህ ዝናብ አያስገባም። አንቺ በበረዶው ጊዜ ድስት እየደቀንሽ ስታማርሪ ዛሬ ነገ እያልኩ ያቆየሁትን፣ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ሠራሁት። የፈተልሽውን የበግ ፀጉር ደግሞ ሞላሌ ላለው ሸማኔ ሰጥቼ ለብርድ የሚደረብ ባና አሠራሁበት። ልጃችን ትዕግሥት ደብረ ብርሃን ይዛው ሄደች፤ እዚያም ብርዱ ብርድ ነው።

ሚዶሪ አገሯ ገብታለች። አንቺ ስሟ አልያዝልሽ ብሎ ምድሬ ያልሻት ጃፓናዊት፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን ልታጠና መጥታ እኔን መንገድ መሪና ዕቃ ተሸካሚ ያደረገችኝ። መርዶሽን ስትሰማ ስልክ ደውላ ብዙ አለቀሰች። እኔም በጃፓንኛ መለስኩላት። የዛሬው ነገሬ ከዚሁ ከጃፓንኛው ጋር ነው፣ ታገሽኝ።

አማርኛ አስተምረኝ፣ እኔም የአገሬን ቋንቋ ላስተምርህ ያለችኝ እሷ ናት። መጀመሪያ ዝንጀሮ፣ ሣር፣ ዝናብ ተባባልን፤ እሱስ ቀላል ነበር። በኋላ ግን ጭላዳዎቹ ወደ ገደሉ ወርደው እኛ ወደ ሰፈር ስንመለስ፣ ዛሬ ምን ተሰማህ ማለት አመጣች። እኔ ለሁሉም ደህና ነኝ እላለሁ። በረዶ ሲደበድበን ውሎም ደህና፣ ነብር በግ ወስዶብኝ ያደርኩ ለታም ደህና። አንድ ቀን ቆጣ አለች። አንተ የጓሳን ሣር እያንዳንዱን በስሙ የምትጠራ ሰውዬ፣ ሆድህ ውስጥ ያለውን ሁሉ እንዴት በአንድ ስም ትጠራዋለህ አለችኝ። 

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አንዳንድ ቃል ሰጠችኝ። ደስ ሲል ኡሬሺ፣ ሐሳብ ሲገባ ሺንፓይ፣ ሰው ርቆ ቤቱ ጭር ሲል ሳቢሺ። ኩያሺ የሚሉትን ለማስረዳት ግን እጇን እያወናጨፈች ብዙ ደከመች። አንድ ነገር ማድረግ ስትችል ሳታደርገው ቀርተህ ሆድህን ሲበላህ ነው ስትለኝ፣ እሱማ ቆጨኝ ነው አልኳት። በደስታ አጨበጨበች። ያኔ ቃሉ በእጄ እንደነበረ እንኳ አላስተዋልኩም፤ ልክ እሷ ከባሕር ማዶ ያመጣችልኝ መሰለኝ።

የእሷ አገር ሰውም የሆዱን አውጥቶ አይናገርም አለችኝ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ስትመለስ አባቷ ሊቀበሏት መጥተው፣ መንገዱ ደህና ነበር ወይ ብለው ሻንጣዋን ተቀብለዋት በቃ ዝም። ታዲያ አባትሽ እዚሁ እኛ መንዝ ነው የተወለዱት ብዬ አሳቅኋት። ስለዚህ የቋንቋው ነገር አልነበረም፣ አስካለ። በዚያ ቋንቋ ዘመድ የለኝም፣ ጎረቤት የለኝም፣ ሴት ሆነ የሚለኝ ባልንጀራ የለኝም። ልጅ ሆኜ አታልቅስ ብሎ የገሠጸኝም በዚያ ቋንቋ አይደለም። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የሌላ ሰው ነገር የማወራ ይመስለኝ ነበር። በሰው ቋንቋ ጎበዝ ሆንኩና በራሴው ዲዳ ሆኜ ቀረሁ።

ቆሎ ይዘሽልን ጓሳ የወጣሽበት ቀን ትዝ ይልሻል? ከሩቅ ቆመሽ ስናወራ ታይን ነበር። ስንመለስ መንገድ ላይ ምን እያልካት ነው አልሽኝ፤ ስለ ዝንጀሮቹ አልኩሽ። የማወራላት ግን ስለ ሳልሽ ነበር። አልለቅሽ ማለቱ እንዳሳሰበኝ፣ ሌሊት ሲያፍንሽ አብሬሽ ነቅቼ የተኛሁ እንደምመስል ነበር የነገርኳት። አንቺ ጥቂት ከሄድሽ በኋላ፣ ስታወራላት ፊትህ ሌላ ነው አልሽኝ። ቅናት መሰለኝና ቀለድኩብሽ። ቅናት አልነበረም።

ከዚያ በሽታው ጠና። መሐል ሜዳ ሄድን፣ ደብረ ብርሃን ሄድን፣ ሐኪሞቹ ቤቷ ትረፍ አሉና መለስኩሽ። አንድ ጠዋት ግድግዳውን ተደግፈሽ ፀሐይ ስትሞቂ ከጎንሽ ተቀመጥኩ። ሰው አልነበረም። ምን ልሥራልሽ ስልሽ እንዲህ አልሽኝ፤ «ለምድሬ እንደምታወራላት አውራኝ። ባይገባኝም ግድ የለም፣ ፊትህን ልየው።»

አወራሁሽ። እንዲያ ሆኜ አውርቼ አላውቅም። ዓይንሽን ከዓይኔ ሳትነቅዪ አዳመጥሽኝ፣ አንዳች ነገር እንደገባሽም ራስሽን ነቀነቅሽ። ስጨርስ፣ አሁን ደግሞ በእኛው ንገረኝ አልሽኝ።  አማርኛው ሁሉ ነበረኝ፣ አንዱም ቃል አልጠፋኝም፤ አፈርኩ እንጂ። ስለ ጓሳው ሣር ነው የነገርኩሽ አልኩሽ።

ፈገግ ብለሽ፣ «ሣሩስ ረጅም ነው» አልሽኝ።

ደግመሽ አልጠየቅሽኝም። እኔም ነገ እነግራታለሁ እያልኩ፣ ነገ ጎረቤት መጣ፣ ነገ ቄሱ መጡ፣ ከዚያ መስማት አቆምሽ። ለቅሶሽ ላይ ደረቴን እየደቃሁ ሙሾ አውጪዋ ያለችውን ሁሉ ተቀበልኩ። አገሩ ሁሉ ሚስቱን እንዴት ቢወዳት ነው አለ። አገር የሰማውን አንቺ ሳትሰሚው ቀረሽ። ይህን ሳስብ በሁለቱም ቋንቋ ይቆጨኛል።

ባለፈው ትዕግሥት ስትደውልልኝ እንደ ልማዴ የበጎቹን ነገር አወራኋትና፣ ልትዘጋው ስትል ናፍቀሽኛል አልኳት።  ከዚያ፣ አባዬ አሞሃል እንዴ አለችኝ። አላመመኝም አልኳት። ስልኩን ሳትዘጋ ታለቅስ ጀመር፣ እኔም አለቀስኩ። ልጅሽ እንድትሰማው የአንቺ መሞት መቅደም አልነበረበትም።

እንግዲህ ያን ጠዋት ያልኩሽ ይህ ነው። ፈርቻለሁ አልኩሽ። አንቺ የሌለሽበት ቤት ጎንበስ ብዬ መግባት እንዴት እችላለሁ አልኩሽ። ከጓሳ ስመለስ የቤታችንን ጭስ ከሩቅ ሳይ እግሬ ይፈጥናል፣ ስደርስ ግን የምጠይቅሽ በጎቹ ገቡ ወይ ብዬ ነው አልኩሽ። የመጀመሪያው ልጃችን የሞተ ጊዜ አንቺን አጽናናሁ እያልኩ ጥዬሽ እርሻ የወጣሁት ዕንባዬን እንዳታይ ነው አልኩሽ። ሲድሩሽ ሳልጠየቅ ሰጡኝ ብለሽ ታሾፊ ነበር፤ እኔ ግን ቢጠይቁኝም አንቺን እል ነበር አልኩሽ። እወድሻለሁ አልኩሽ። አትሂጂብኝ አልኩሽ።

አልረሳሽም ማለት ለእኔ ቀላል ነው፤ መርሳትማ ብፈልግስ መች ይሆንልኛል። ቃል የምገባልሽ ሌላ ነው። እሑድ እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ሕዝቡ ሳይበተን መቃብርሽ አጠገብ እቆማለሁ። ይህንኑ ሁሉ በአማርኛ፣ ድምፄን ሳልቀንስ እነግርሻለሁ። ሰው ቢሰማም ይስማ።

ባልሽ