ተቀመጪ ያልከኝ ቀን

ተሼ ዓለሜ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ነው። እንዴት ነህ ብልህ መልስ የለህም፤ የእኔን ልንገርህ። አትላንታ ዳር ያለው የዲኬተሩ ቤታችን እንዳለ ነው። መንዳት ተማርኩ። «እሷ መሪ የያዘች ቀን አትላንታን ለቅቄ እወጣለሁ» እያልክ ትቀልድብኝ ነበር፤ አሁንም ፓርክ ሳደርግ ያልበኛል።

የሆስፒታሉ ጠዋት ግን ከዓይኔ አልጠፋም። አንገትህ ላይ ያበጠው ሊምፎማ የሚሉት ካንሰር በመድኃኒት ሟሙቶ፣ ዳንኩ ብለህ ሥራ ልትገባ ስትል ራስ ምታቱ መጣ፤ ቀጥሎ አፍህ ጠመም አለ። ሐኪሙ ካንሰሩ ወደ አንጎልህ ዘልቆ እንዳይሆን ሰግቶ በጥያቄ ይፈትንህ ጀመር። ዘመኑ ስንት ነው ሲልህ ሰባ ሰባት አልከው። ፊቱ ተለወጠ፤ በእነሱ ሰማንያ አምስት ነውና ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደሃል። እኔ ግን ደስ ብሎኝ፣ በእኛ አቆጣጠር ልክ ነው ብዬ በጣቴ እየቆጠርኩ አስረዳሁት። ሳቀ። ይህችስ ማን ናት ሲልህ «ማይ ዋይፍ» አልክ። እፎይ ልል ስል ወደ እኔ ዞረህ፣ ወንበሩን እያሳየኸኝ፣ «ይቀመጡ» አልከኝ።

ክው አልኩ። ተኮራርፈን እንኳ አንቱ ብለኸኝ አታውቅም። ቀልድ መስሎኝ ዓይንህን አየሁት፤ የማታውቃትን ሴት የምታስተናግድበት ትሕትና ነበር። ለሐኪሙ ምን ብዬ ላስረዳው፤ በእነሱ ቋንቋ አንቺም አንቱም አንድ ነው። አላወቀኝም ብቻ አልኩት። ደግነቱ አመነኝ። ከጀርባህ በመርፌ በቀዱት ፈሳሽ ውስጥ ካንሰሩ ተገኘ።

መድኃኒቱንም በዚያው በጀርባህ ይሰጡህ ጀመር። እኔ መዳንህን መለመን ፈርቼ፣ ሳትሄድብኝ አንዴ እንድታውቀኝ ብቻ ለመንኩ። በየቀኑ ስገባ ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ እግዜር ይስጥልኝ ትለኛለህ። እኔም እንደ እንግዳ ወንበሩ ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ። ሳቄም እንባዬም እኩል ይመጣብኝ ነበር።

አንድ ቀን ዝናብ ደብድቦኝ ገባሁ። ቀና ብለህ አየኸኝና፣ «ምን ይገትርሻል፣ ተቀመጪ እንጂ» አልከኝ፣ ተቆጥተህ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ በኋላ ብዙም አልተናገርክም።

ዛሬ በሄድኩበት ሁሉ ሰው ሐዘኔን አክብሮ ይቀመጡ ይለኛል። ያንተን ቁጣ በሆዴ ሳልሰማ ግን አልቀመጥም፤ እስክሞት ድረስም እንዲሁ ነኝ።

አንቺ ያልካት፣
አልማዝ