ከግራ ስድስተኛው

ለውድ ታናሽ እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። የኖቮሲቢርስክ ብርድ ለቀቀሽ ወይ? ሳልሽስ? እኛ ደህና ነን። ቮልጋ በረዶውን ጥሎ መርከቦች መመላለስ ጀምረዋል፤ እማማም ጉልበቷን እየረገመች ከመስኮቱ ሥር እንደተቀመጠች ናት።

በየደብዳቤሽ መጨረሻ «አባባ ምን ይመስል ነበር» እያልሽ የምትጠይቂኝን አልረሳሁም። አባባን የጸጥታ ሰዎች ሲወስዱት አንቺ የአራት ወር፣ እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርን። እማማ ካለችን አንዲት የሠርጋቸው ፎቶ ላይ ፊቱን በመቀስ ቆርጣ ምድጃ ውስጥ ጨመረችው፤ ፈርታ ነው፣ አትቀየሚያት። ከሃያ ዓመት በኋላ «ንጹህ ነበር» የሚል ወረቀት ሲመጣም መልኩን ይዞልን አልመጣም። ቆይ፣ እመለስበታለሁ።

ስለ ሥራዬ ልንገርሽ። እህትሽ ዛሬም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠዓሊ ናት፤ ያውም ጥሩ ሠዓሊ፣ ምን አሽኮረመመኝ! ለሠራተኞች ቀን ሰልፍ የፖሊት ቢሮ አባላትን አንድም ሳላስቀር ከሰው ቁመት አስበልጬ ሣልኳቸው። መጨማደድ አይፈቀድም፤ ማርያም የሳመችው ነጥብ እንኳ ቢኖር ይጠፋል። ሜዳሊያ ግን አንዲት ብትጎድል ጉድ ይፈላል።

ዘንድሮ በጉባኤው አዲስ የተመረጠው አባል ፎቶ ሳይደርሰን ቀረ። ጋዜጣ ላይ ያለችው ፊቱ ምስር ታህላለች። የፋብሪካችን ፓርቲ ጸሐፊ ጓድ ፖሊካርፖቭ ላቡን እየጠረገ መጣና፣ አንቺ ሴትዮ፣ የሱ ቦታ ባዶ ከሆነ የኔም ወንበር ባዶ ሆነ ማለት ነው፣ ብቻ የሚመስል ይሁን አለኝ። ማንን የሚመስል ብለው፣ እሱን ነዋ ብሎ ጮኸብኝ።

ሦስት ቀን ያለ ፎቶ ሣልኩ። እጄ አንዴም አልተሳሳተ፤ ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ይህን ሲጠብቅ የኖረ ነው የሚመስለው። ልቤ ግን ፈርቶ ነበር። ከፖሊት ቢሮ መሐል ሌላ ሰው አሰለፈች ከተባልኩ ከሥራ መባረር ትንሹ ነገር ነው፤ እማማንም በስተርጅናዋ ደግመው ደጇን ያንኳኩባታል።

ፖሊካርፖቭ የስም ዝርዝሩን ይዞ ተራቸውን ሲያመሳክር ስድስተኛው ፊት ቆመ። ከእግር እስከ ራሱ መረመረው። በመጨረሻ ይሄ ሰውዬ አንድ ኮከብ ጎድሎታል አለ። ቀባሁለት። አሁን ቁርጥ እሱን፣ ዓይኑ ብቻ ይበቃል ብሎ ትከሻዬን ቸብ አደረገኝ። ሰውዬውን እሱም አይቶት አያውቅም እኮ!

በበዓሉ ዕለት ሰልፉ በቤታችን በኩል ስለሚያልፍ፣ ሾልኬ ቤት ገባሁና ከመስኮቱ ሥር እማማ ጎን ቆምኩ። ሙዚቃው መጣ፣ ሥዕሎቹም በየተራቸው አለፉ። ስድስተኛው ሲደርስ እማማ ያለ ምርኩዝ ብድግ አለች። ዓይኗን ሳትነቅል፣ አንገትጌውን ማን ተኮሰለት አለችኝ። ከዚያ ከመሳቢያው ያቺን አሮጌ መቀስ አውጥታ እጄ ላይ አኖረቻትና፣ ከዚህ ቤት አውጪልኝ አለች። አለቀስኩ፣ አልዋሽሽም።

የአዲሱ አባል እውነተኛ ፎቶ ከበዓሉ በኋላ በሦስተኛው ቀን ደረሰ፤ ለካ ሰውዬው መላጣ ነው! ፖሊካርፖቭ ጆሮው ቀልቶ መጣና፣ በነጭ ቀለም አጥፊው፣ እኔም አላየሁ፣ አንቺም አልሣልሽ አለኝ። በገዛ እጄ አጠፋሁት፣ ምንም አልከፋኝም። የከተማችን ጋዜጣ ሰልፉን ቀድሞ በፊተኛው ገጽ አውጥቶታላ።

አንድ ቅጂ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ከግራ ስድስተኛውን እዪ፤ የባቄላ ያህል ቢሆንም ምንም አልጎደለው። አገጩ ላይ ያለችውን ስርጉድ ካየሽ በኋላ መስታወት ፊት ቁሚ። ጋዜጣውን ግን እንዳለ አኑሪው፣ አትቁረጪው።

ሳልሽን ነቅሎ ይጣልልሽ፣ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። እማማ አገላብጣ ስማሻለች።

ታላቅ እህትሽ