እማዬ ጎጆ ያለችው ቤት

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለሙጂባ፣ ካለሽበት ሪያድ።

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሻል? ሥራው እንዴት ይዞሻል፣ እንቅልፉስ፣ የምግቡ ነገርስ? እመቤቲቱ ጠባይዋ ተሻለ ወይስ ያው እንደ በፊቱ ናት? ያሳደግሻቸው ልጆችስ ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፤ ዳገት ሲሆን ብቻ ጉልበቷ ያስቸግራታል። ላሚቱ ወልዳለች፣ ጥጃዋ ሴት ናት። ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ እንደሆነ አመሉን አልተወም፣ ከቀትር በኋላ ደጅ አያስቀምጥም።

አሁን ወደ ቤትሽ ወሬ ልምጣ። ቤቱ ቆሟልና ሳትደነግጪ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። በሐይቁ በኩል ያለው አሮጌው የጭቃ ግድግዳ ፈርሶ በብሎኬት ተተክቷል። ጣሪያው ከፍ ብሎ አዲስ ቆርቆሮ ለብሷል። ከኋላ ደግሞ ለአንቺ ያልናቸው ሁለት ክፍሎች ተጨምረዋል፤ የቀራቸው ኮርኒስና ወለል ነው። እማዬ ሥራው እስኪያልቅ እኔ ዘንድ ገብታለች፤ ግን ጠዋት ጠዋት በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው ሄዳ ካላየችው ቁርስ አይወርድላትም።

እማዬን ታውቂያታለሽ፣ ዓይን ትፈራለች። ግንበኞቹ በጀመሩ ማግስት በመንገድ በኩል ያለውን ሁሉ በጆንያ አስጋረደችው። ለጠየቃት ሰው ሁሉ መልሷ “ኧረ ጭቃው ረግፎብን ልጥፍ ልጥፍ እያደረግን ነው” ነበር፤ ብሎኬት የጫነ መኪና ደጃችን ላይ እያራገፈ! ጎረቤታችን ተሻለች “ይኸ ልጥፍ ልጥፋችሁ ፎቅ እንዳይሆን ብቻ” ብላ ብታሾፍባትም አልሰማቻትም። እኔም ብናገር “ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም” ብላ አፌን አስያዘችኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ በያጁ የመስኮቱን ብረት ሲበይድ ፍንጣሪው ጆንያው ላይ አረፈ። ነፋሱ ደግሞ በዚያው ሰዓት ተነስቶ ነበር። ጆንያው ቦግ አለና እሳቱ ከሥሩ ወደተከመረው የኮርኒስ እንጨት ዘለቀ። ተሻለች ልብስ የዘፈዘፈችበትን ውኃ ከነልብሱ ይዛ ደረሰች፣ ከዐስር ሶላት የሚወጡት ወንዶች የግንበኞቹን አሸዋ በአካፋ ይዝቁበት ጀመር፣ የቅሬው ዕድርተኛ ሁሉ ነቅሎ መጣ። ሰው ሳይጎዳ ጠፋ፣ አላህ ይመስገን። የኮርኒሱ እንጨትና ገና ያልተገጠሙት በሮች ግን ከሰሉ፣ አንዱ የመስኮት ብረትም ተጣሟል። ወላሂ ሙጂባ፣ ያንን ጭስ ሳይ የታየኝ ቤቱ አልነበረም፤ አንቺ በሰው አገር የሰው ልጅ አዝለሽ ስትወጪና ስትወርጂ ነው የታየኝ።

እማዬ መሬት ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ላጽናናት ብዬ፣ “አብሽሪ እማዬ፣ ሙጂባ ያስገባችን ኢንሹራንስ አለ አይደል” አልኳት። ይህን ስትሰማ ጭራሽ ባሰባት። ኋላ ስትረጋጋ ነገሩን አወጣችው። ያን ጊዜ ከደሴ የመድን ድርጅቱ ሰው ቤቱን ሊያይ ሲመጣ እኔ ገበያ ወርጄ ነበር። ሰውዬው ከውጭ ዞር ዞር ብሎ አይቶ ቤቱ ስንት ክፍል እንደሆነ፣ በምን እንደተሠራ፣ ቢፈርስ በስንት እንደሚተካ ጠየቃት። እሷ ምን ብትለው ጥሩ ነው? “ኧረ የኔ ልጅ፣ ምን ቤት አለን ብለህ! ለነፍስ ማቆያ የምትሆን ጎጆ ናት።” እሱም እንደነገረችው ለጎጆ የሚሆን ግምት መዝግቦላት ሄደ። ማደሱን ስንጀምርማ ለድርጅቱ ማን ትንፍሽ ብሎ!

ልስቅም ልቆጣም ቃጣኝና ሁለቱንም ተውኩት። እማዬ እኮ መድኑን እንደ ቅሬ አድርጋ ነው ያሰበችው። ቅሬው ቤታችንን ያውቀዋል፣ ስንሠራውም ስንኖርበትም አይቶናል፤ እማዬ ጎጆ ብትለው ይስቅባታል እንጂ አያምናትም። ደሴ ያለው ሰው ግን ሐይቅን በመኪና ከማለፍ በቀር በምን ያውቀናል? እኔም በበኩሌ “ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል” አልኳትና በማግስቱ ደሴ ወጣሁ።

እዚያ ያገኘሁት ልጅ ሙንተሲር ይባላል፣ ሰው አክባሪ ነው። ሳይቆጣ አስረዳኝ። ቤቱ በሙሉ ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ የሚከፈለን ለዚያች ለተነገረችው ጎጆ ያህል ብቻ ነበር፤ ከፊሉ ቢቃጠልም ግምቱ ካነሰ ክፍያውም በዚያው ልክ ያንሳል። ቤት ሲታደስ ደግሞ መናገር ያለብን ግድግዳ ከመንካታችን በፊት እንጂ ከጨረስን በኋላ አይደለም አለኝ። ብየዳ አለ፣ ቤቱ ማታ ባዶውን ያድራል፣ ደጅ የተከመረ ዕቃ አለ፤ ይህ ሁሉ አስቀድሞ ካልተነገረ ውሉ አይሸፍነውም። ስለዚህ ለከሰሉት በሮች የምናገኘው ነገር የለም። ለወደፊቱ ግን ቤቱ ዛሬ እንደገና ቢሠራ በሚፈጀው ዋጋ እንዲገመት ራሱ መጥቶ አየው።

ያን ቀን ብታይያት ኖሮ! እኔ ልናገር ስል ሙንተሲር፣ “እማማ ራሳቸው ያሳዩኝ” አለ። እማዬ የሰረቀች ይመስል ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጀመረች። “ይኸ ሳሎን ነው፣ ማሻአላህ። ይኸ ብሎኬት ነው፣ ማሻአላህ። ይኸ ቆርቆሮ አዲስ ነው፣ ማሻአላህ።” በየበሩ ማሻአላህ እያለች ስትሄድ እየቆየ ድምጿ ከፍ አለ፣ ወገቧም ቀና አለ። በዕድሜዋ የእኔ የምትለውን ነገር እንዲህ ስታሞግስ ሰምቻት አላውቅም። የኋለኞቹ ክፍሎች ጋ ስትደርስ “ይኸ የልጄ ነው” አለችና በሻሿ ፊቷን ሸፈነች። ከዚያ ምን ብላ ጠየቀችው መሰለሽ? “የኔ ልጅ፣ ይኸን የሠራችውን ልጅስ ውላችሁ ይይዛታል?” ሙንተሲር አንገቱን ደፍቶ፣ “እማማ፣ ይኸ የቤቱ ብቻ ነው” አላት።

አሁን ውሉ ተስተካክሏል። ጆንያው ወርዷል፣ ብየዳ ካለ አሸዋና በርሜል ውኃ አጠገቡ ይቀመጣል፣ ማታ ማታም ባለቤቴ እንድሪስ እዚያ ያድራል። በያጁ መስኮቱን ያለ ዋጋ ሊሠራልን ቃል ገብቷል። ዓመታዊው ክፍያ ግን ከፍ ስላለና በሮቹንም እንደገና ማሠራት ስላለብኝ፣ አንቺ የመረጥሽውን የወለል ሴራሚክ አቆይቼዋለሁ። ልትቆጪኝ ትችያለሽ። ቁጣሽን እዚህ መጥተሽ ብታወርጂው ደስ ይለኛል።

ይህን ሁሉ በስልክ ያልነገርኩሽ ወሬ ስለምታስለውጪኝ ነው። ደብዳቤውን የምታደርስልሽ ጓደኛሽ ሐቢባ ለእረፍት መጥታ ጠይቃን ነበር። እማዬ ስላንቺ ስትጠይቃት ሐቢባ መሬት መሬቱን አየች። ኋላ ግን ዋሽታ መሄድ አልሆነላትም። ከደረጃ ወድቀሽ ወገብሽን መጎዳትሽን፣ በመቀነት ጥፍር አድርገሽ አስረሽ እንደምትሠሪ፣ ለእኛ ስትደውዪ አልጋ ላይ ተጋድመሽ እንደምትስቂ ነገረችን። “ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩ” ስትዪኝ እኔ ሞኟ አምኜሽ የበርና የመስኮት ቀለም አማርጥሽ ነበር። የማን ልጅ መሆንሽ ያስታውቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እባክሽን ሐኪም ይይሽ፣ ኮንትራትሽ ሲያልቅም አታድሺ። ሲሚንቶ ወለል ላይም ተኝቶ ማረፍ ይቻላል።

እንድሪስ እጅግ አድርጎ ሰላም ይልሻል። ልጄ ሀኒያ አክስቴን ሳሚልኝ ብላለች፣ ቁርአን መቅራት ጀምራለች። ተሻለች “ልብሴን ጭስ አብልቼ ነው ቤትሽን ያተረፍኩት፣ ስትመጪ አዲስ ቀሚስ አለብሽ በያት” ብላለች። ለሐቢባ የበሶና የማር ቋጠሮ ሰጥቻታለሁና ተቀበያት።

እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ የምትለውን ልጻፍልሽ። “ልጄን ሰላም በያት። እኔ ለማላውቀው ሰው ያለኝን ሁሉ ተናግሬያለሁ። እሷ ለወለደቻት እናቷ ያመማትን መናገር አቃታት ወይ?”

እህትሽ አሪፋ
ሐይቅ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.