ለስድስት ወር የሚያርፍ ዕዳ

እናትም እህትም ለሆንሽኝ ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያስቸግርሻል ወይስ ተሻለሽ? ጋሼስ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው ቤቱን ሙሉ መፈለጋቸውን ተዉ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ይህን የምጽፍልሽን ነገር በስልክ ልነግርሽ ደውዬ ስለ ዝናቡና ስለ ፀሐዩ ብቻ አውርቼ ዘጋሁት። ተቀምጬ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው።

እኛ አለን፤ ድካም ነው እንጂ። ባለቤቴ የሚሠራበት የእንጨት ሥራ ድርጅት ትእዛዝ ከጠፋበት ወዲህ ሠራተኛውን በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ነው የሚያስገባው። የእኔንም ሆቴል እንግዳ ራቀው። ድሮ አንሶላ ስንተኩስ ወገባችን ተቆረጠ ብለን ስናማርር የነበርን ሴቶች፣ ዛሬ አንዲት የትራስ ልብስ ስትመጣ እንሻማለን። ገበያው ደግሞ ደሞዛችን መቀነሱን ማንም የነገረው አይመስልም።

ታዲያ ሰሞኑን ባንኩ፣ ችግር የገጠመው ሰው የቤት ብድሩን ለስድስት ወር ሳይከፍል መቆየት ይችላል ብሎ አስታወቀ። ሰፈሩ ሌላ ወሬ አጣ። «ሬዲዮ» የምንላት ጎረቤቴ ደጃፌ ድረስ መጥታ «አንቺ ሞኝ፣ በነጻ እኮ ነው!» አለችኝ። በነጻስ አይደለም እትዬ። እኛ ብናርፍም ወለዱ አያርፍም፤ ተጠራቅሞ ጫፉ ላይ ይቀጠልና ከአንድ ዓመት በላይ ይጨምርብናል። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ «ምርኩዝ ይዤም ልከፍል ነው?» ብሎ አሻፈረኝ አለ። በምትኩ የአንድ መጋዘን የሌሊት ዘበኝነት ያዘ። እኔ ግን ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ አኩርፌ፣ በስንት መከራ ባንክ ወሰድኩት።

ከዚህ በኋላ ብትስቂ አልቀየምሽም። ፋይላችንን የያዘችው ልጅ ሰው አክባሪ ናት፤ ገና እንደተቀመጥን «ኑሮ እንዴት ይዟችኋል?» አለችን። የእኔ ሰውዬ ብድግ ብሎ፣ ኮቱን ቆልፎ፣ «ተመስገን ነው! ምንም የጎደለብን ነገር የለም» አላት። ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ብረግጠው ጭራሽ «ሥራም ሞልቷል» ብሎ ጨመረልኝ። ልጅቷም ከልቧ ደስ ብሏት፣ እንዲህ ከሆነማ እናንተ አያስፈልጋችሁም ብላ እስከ በሩ ሸኘችን። መንገድ ላይ ምን ነካህ ብለው «ልጄን ለምታክል ሴት ጓዳዬን ልዘርግፍላት?» አለኝ።

እኔም ሰለቸኝና ተውኩት። ሰውዬው ግን ቀን መጋዝ፣ ሌሊት ጥበቃ ሲል ዓይኑ ሥር ጠቆረ። ማንኪያውን እንደያዘ ያንቀላፋል። ልጆቹ መጀመሪያ ይስቁ ነበር፤ አሁን ሳህኑን ከፊቱ ያነሱለታል። ባለፈው ማክሰኞ መጋዙ ላይ ሸለብ አደረገውና የአውራ ጣቱን ጫፍ ቆረጠው። አትደንግጪ፣ አጥንቱን አልነካውም። የሥራ ጓደኞቹ በፎጣ ጠቅልለው አመጡልኝ። ፋሻውን ስቀይርለት «አንቺው ሂጂና ንገሪያት፤ እኔ ካለሁ አፌ እሺ አይለኝም» አለኝ።

ሄጄ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። አላለቀስኩም፤ ለማልቀስም እኮ ጉልበት ያስፈልጋል። ልጅቷ ሰምታ ሰምታ ፈቀደችልን፤ የቀረው የዋሳችን ፊርማ ነው አለች። ዋሳችን ደግሞ አንቺ ነሽ።

እንግዲህ ያስጨነቀኝ ይኸው ነው። ብድሩ ሲጋመስ ከዋስትና ትወጫለሽ ተብለሽ ነበር፤ ለዚያም የቀረው ጥቂት ነበር። አንቺ ደግሞ ያን ቀን ጠብቀሽ ለልብስ ስፌት ቤትሽ ልትበደሪ ከጋሼ ጋር መምከራችሁን አላጣሁትም። ከፈረምሽ የአንቺም ነገር ከዓመት በላይ ይገፋል። ካልፈረምሽ ደግሞ መኝታ ቤታችንን አከራይተን ከልጆቹ ጋር ሳሎን እንተኛለን። ሬዲዮማ ከአሁኑ ተከራይ ማስጎብኘት ጀምራለች፤ ትናንት አንዱን ይዛው ስትገባ ራሴን እየታጠብኩ ደረሰችብኝ።

ለእኔ እሺ ለማለት እንደምትቸኩይ አውቃለሁ። መጀመሪያ ለቤቱ ስትፈርሚልኝም ወረቀቱን ገልጠሽ አላየሽው። የዛሬውን ግን እባክሽ አስቢበት። እምቢ ካልሽም ምክንያት አትደርድሪልኝ፤ እምቢ ብቻ ብትይ ይበቃኛል፣ እህትነታችን እንደሆነ የትም አይሄድም።

ጋሼን እጃቸውን ሳሚልኝ። ትልቋ ፈተናዋን እንዴት እንዳደረገች ትጻፍልኝ፤ ትንሿን ጉንጯን ንከሺልኝ። ልጆቼ እትዬን ሳሚልን ይላሉ። ባለቤቴ ራሱ ሁለት መስመር ልጻፍላት ብሎኝ ነበር፤ ይኸው ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ወድቋል። የጥበቃ ሰዓቱ ስለደረሰ ልቀሰቅሰው ነው።

ታናሽሽ
ከሳሎናችን፣ እሑድ አመሻሽ፣ መጋቢት ፱ ቀን