የሌባው ሁለተኛ ዓይን

ለአጸደ ሕፃናታችን ርእሰ መምህር ለክቡር አቶ መልካሙ
ቁስቋም ሠፈር

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ዓይኖችዎ ደኅና ናቸው? እኔ ባለፈው ማክሰኞ አስጠርተው ከሕፃናቱ ወንበር ላይ ካስቀመጡኝ ወዲህ ጉልበቴ ከጆሮዬ ጋር ተዋውቆ አልለይም ከማለቱ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሸጋ ነኝ።

ይህን በአደባባይ የምጽፈው ምስጋናዬ ለአንድ ቢሮ ስለበዛ ነው። ነገሩን ላልሰሙ ጎረቤቶቻችን ላስረዳ። መምህርት ሄለን የአንዲት መበለት ዶሮ ስለሰረቀ ሌባ ለሕፃናቱ ተረት ነገረቻቸውና፣ በቤተ ክርስቲያናችን የሥዕል ወግ፣ ደጉን ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በጎን በአንድ ዓይን እንዲሥሉ አዘዘች። የአምስት ዓመቷ የልጅ ልጄ ባምላክም ሌባውን በጎን ሣለችው፤ ዶሮዋንም ብብቱ ሥር አስያዘችው፤ ከዚያ ግን ጉንጩ ላይ ሁለተኛ ዓይን ጨመረችለት። ምነው ብትባል፣ «በአንዱ ዓይኑ ዶሮዋን አየ። ባለዶሮዋ ስታለቅስ በምኑ ይያት?» አለች።

እንግዲህ እርስዎ ስላደረጉት ሁሉ በተራ ላመስግን።

፩ኛ፣ በተጨመረው ዓይን ላይ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ስላደረጉበት። ሌባው ዶሮዋን ሊመልስ አስቦም እንደሆነ፣ መንገዱን በጊዜ ዘግተውበታል።

፪ኛ፣ የአምስት ዓመት ልጅ የሰማውን ይደግማል እንጂ የራሱ ሐሳብ የለውም ብለው፣ ይህን ያስተማርኋት እኔ እንደሆንሁ ስለጠረጠሩኝ። ክብሩ በዛብኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በእነዚያ ሥዕሎች ሥር ቆሜ ሳስቀድስ ሌላው ዓይን የት ሄደ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ለሌባ እኔ የምጨምርለትም ዓይን ሳይሆን ዱላ ነበር።

፫ኛ፣ ሥዕሉን ከግድግዳ አውርደው፣ አስተካክላ እስክትሥል ድረስ በእሑዱ የወላጆች ቀን እንዳይሰቀል ስለወሰኑ። ሌባው እንኳ የወሰደው ዶሮ ብቻ ነው።

አራተኛውን በቀልድ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። ባምላክ ከማክሰኞ ወዲህ የምትሥላቸው ሰዎች ዓይን የላቸውም። እኔን ሣለችኝ፤ ጢሜ አለ፣ ከዘራዬ አለ፣ የዓይኔ ቦታ ግን ባዶ ነው። ብጠይቃት፣ ስንት እንደሚፈቀድ አላውቅም አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ ይህች ልጅ ለሌባ ያሰበችውን ያህል ለእሷ የሚያስብ ትልቅ ሰው ከግቢዎ ይታጣ? ሥዕሉን ሳይታረም መልሰው ይስቀሉት። ሌላ የምለምንዎ የለኝም።

የልጆቻችን ሐሳብ ከአጥር እንዳይወጣ ሌት ተቀን ለሚጠብቁልን ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ያችን ትንሽ ወንበር ለሚቀጥለው ጥሪ እንዳያነሡብኝ በትሕትና እማጸናለሁ።

ታማኝ አመስጋኝዎ፣
አያ ፋንታሁን፣ የባምላክ አያት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ስጽፍ ባምላክ አጠገቤ ተቀምጣ እርስዎን ሣለች። በጎን መሣልዎን የመረጠችው ራሷ ናት፤ እኔ የለሁበትም። አንድ ዓይን ይበቃቸዋል ብዬ ብለምናት፣ ከረሜላም ብጨምርላት፣ እንቢ አለች። ከማክሰኞ ወዲህ የሣለቻቸው የመጀመሪያዎቹ ዓይኖች የእርስዎ ናቸው። ሁለተኛው ጉንጭዎ ላይ ነው።