የአዳኙ ቀይ ትከሻ

ጥር 6
ዛሬም ሱቁን ከፈትኩ። ማንም አልመጣም። አንድ ሰውዬ ብቻ ገብቶ ፎቶ ኮፒ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሃያ ሰባት ዓመት የሱቅ ስም ስጽፍ ለኖርኩ ሴት... ፎቶ ኮፒ! አሁን ሁሉም በማሽን የታተመ ሸራ ነው የሚሰቅለው። ለነገሩ ሥራ ቢመጣስ? ቀኝ እጄ ብሩሽ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል። ሐኪሙ ዕድሜ ነው ብሎ ገላገለኝ።

ጋሼ ደወለ። ታላቅ ወንድሜ ነገር ከያዘ አይለቅም። ሱቁን ዘግተሽ እኛ ጋ ግቢ፣ ልጆቹን ታይልናለሽ አለ። ክፍል አዘጋጅተውልኛል፣ መጋረጃው ሳይቀር። የሚያናድደኝ ደግነቱ ነው። ክፉ ቢሆን እምቢ ማለት ይቀለኝ ነበር። ገና ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ከአሁኑ ልጦር እንዴ?

ጥር 9
ልጄ ሥራ አገኘችልኝ። የሳይንስ ማዕከሉ ጣሪያው ክብ የሆነ አዳራሽ አለው። ኮምፒውተሩ ሰማዩን ጣሪያው ላይ ያሳያል፤ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጠፈር ውስጥ የሚበር ይመስለዋል። ታዲያ ኮከቦቹን በየቡድናቸው አያይዞ ስማቸውን የሚጽፍ ሰው ጠፍቷል። የአንድ ወር ሙከራ። እጄስ አልኳት። "እማ፣ በማውስ ነው። ኮከቡ አጠገብ ከደረስሽ ፕሮግራሙ ራሱ ይይዘዋል" አለችኝ።

ለጋሼ ነገርኩት። እሺ ወሩን ልታገስሽ፣ ካልሆነ የካቲት 11 መኪና ይዤ እመጣለሁ አለ። ቀን ቆርጦልኝ አረፈው።

ጥር 10
የመጀመሪያ ቀን። ኃላፊዋ ቁጥብ ሴት ናት፤ ሰላምታዋም በልክ ነው። ሥራውን ያሳየኝ አንድ ወጣት ፕሮግራመር ነው። ስም አወጣሁለት፤ አዋቂው። እማማ፣ ይሄ ቀላል ነው ይለኛል። እማማ! ሆድ ይፍጀው።

ሥራው እንዲህ ነው። ወረቀት ላይ የቡድኑ ሥዕል አለ። እሱን እያየሁ ስክሪኑ ላይ ኮከቦቹን አንድ በአንድ እመርጣለሁ። ፕሮግራሙ በመስመር ያያይዛቸዋል። ከዚያ ስሙን እጽፋለሁ። ሰማንያ ስምንት ቡድን ነው። ሠላሳውን አዋቂው በሦስት ወር ሠርቶታል።

ጥር 14
አዳኙ የሚባለው የኮከብ ቡድን አስቸገረኝ። ሥዕሉ ላይ ቀዩ ኮከብ በስተቀኝ ባለው ትከሻ ላይ ነው። ስክሪኑ ላይ ደግሞ በስተግራ። አዋቂውን ብጠይቀው ስክሪኑን ያዙሩት አለኝ። አዞርኩት። ቀዩ ወደ ቀኝ መጣ፤ አዳኙ ግን በጭንቅላቱ ቆመ! ይህንንም ነገርኩት። ትንሽ ልዩነት አይጠፋም፣ በግምት ያያይዙት፣ እኔም እንደዚያ ነው የሠራሁት አለ።

በግምት? የፋርማሲ ስም በግምት ጽፌ አላውቅም።

ጥር 18
ጊንጡም ያው። ድቡም ያው። በቀን አንድ ቡድን እንኳ አልሞላልኝም። ኃላፊዋ ጠራችኝ። አዋቂው፣ ሴትዮዋ ሥዕል ማንበብ አልቻሉም ብሏታል። ድምጿን ሳታነሳ፣ የካቲት 7 ለሕዝብ እንከፍታለን፣ በዚህ አካሄድ አንደርስም፣ እስከ ዓርብ እንየው አለችኝ።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ... ግን እውነት አልችል ይሆን እንዴ? ጋሼ ያዘጋጀው ክፍል መስኮቱ በየት በኩል ነው?

ጥር 20
ዛሬ... ዛሬማ ረጋ ብዬ ልጻፈው።

ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ ያዘኝና አንድ ፀጉር ቤት ገባሁ። መስታወቱን ከስድስት ዓመት በፊት የጻፍኩለት እኔ ነኝ። መስታወት ላይ ሲጻፍ ዝናብና እጅ እንዳያበላሸው ከውስጥ በኩል ነው የሚጻፈው፤ ከመንገድ የሚያየው እንዲያነበው ፊደሉ ሁሉ ተገልብጦ። ቁጭ ብዬ የገዛ ፊደሎቼን ከውስጥ አየኋቸው። ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ። እግራቸው ግን ያው ወደ ታች ነው።

እግራቸው ወደ ታች!

ዝናቡን አልጠበቅኩም። ቢሮ እንደገባሁ የአዳኙን ወረቀት በጀርባው አዙሬ መስኮቱ ላይ ለጠፍኩት። በብርሃኑ ሥዕሉ ከጀርባ ታየ። ቀዩ ትከሻ በስተግራ፣ እግሩ ወደ ታች። ልክ እንደ ስክሪኑ። ጊንጡን ለጠፍኩ። ልክ! ድቡን። ልክ!

ንብረት ክፍል ሄጄ እነዚህ ሥዕሎች ከየት የመጡ ናቸው ብል፣ ሰውየው መደርደሪያ ላይ ያለ አሮጌ የናስ ሉል አሳየኝ። ሰማዩ ዙሪያውን ተቀርጾበታል። እሱን ፎቶ አንስተው ነው ሥዕሎቹን ያወጡት። በቃ ገባኝ። ኃላፊዋንም አዋቂውንም መስኮቱ ጋ ጠራኋቸው።

"ይሄ ሰማይ ከጀርባው ነው የተሳለው" አልኩ። "ሉሉን የሚያይ ሰው ከውጭ ቆሞ ነው የሚያየው። እኛ ያለነው ውስጥ ነው።"

ኃላፊዋ መስኮቱን አየች፣ ስክሪኑን አየች፣ እንደገና መስኮቱን አየች። አዋቂው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። "ሠላሳዎቹስ?" አለችው። የራሱን ሥራ ስክሪኑ ላይ ከፈተ። ሠላሳውም በግምት፣ ሠላሳውም ስህተት! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ነውር ነው፣ ግን ጠጣ።

ጥር 21
አዋቂው ሁሉንም ሥዕል በኮምፒውተር ገልብጦ አትሞ አመጣልኝ። ጠረጴዛዬ ጋ ቆሞ ቀረ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ። "እኔ የኮከቦቹ ቦታ ነው የተሳሳተው ብዬ ነበር።" ሰማይን ያህል ነገር ተሳስቷል ብሎ ማሰብ... ድፍረቱን ወደድኩለት። እኔም ጀማሪ ሳለሁ የልብስ ሰፊ ስም መስታወት ላይ መገልበጥ ረስቼ፣ ባለቤቱ ቆሞ በምላጭ እንዳስፋቀኝ ነገርኩት። ሳቅን። ከሠላሳዎቹ ጀመርን።

ጥር 28
በቀን ስምንት ቡድን። ዛሬ ዘጠኝ!

የካቲት 4
የጠፈሩን በረራ አዳራሹ ውስጥ ሞከርነው። አዋቂው ስሞቹን ሁሉ ባንዴ አብርቶ ጣሪያው ገበያ መሰለ፤ ስም በስም ላይ። ከአውቶቡስ ላይ የሚነበብ ጽሑፍ ስንት ጊዜ ጽፌያለሁ! የሚሄድ ሰው አንድ ወይ ሁለት ስም ነው የሚይዘው፣ ሌላው ይደብዝዝ አልኩት። ስሙንም ከኮከቦቹ ላይ አውርደህ ባዶው ቦታ ላይ አስቀምጠው፣ ይተንፍስ አልኩት። ሳይከራከር ሠራው። ኃላፊዋ አየችና "እንዲህ ነው" አለች። ከእሷ አፍ ይሄ ብዙ ነው።

የካቲት 5
ሰማንያ ስምንት። አለቀ። እጄ እየተንቀጠቀጠ አለቀ።

የካቲት 7
አዳራሹ ጢም አለ። ልጆቹ ስሞቹን እየተቀባበሉ ጮክ ብለው ያነባሉ። የእኔን ጽሑፍ መቼ ሰው እንዲህ አንብቦት ያውቃል? ከኋላ ቆሜ አለቀስኩ፤ የዛሬው ሌላ ነው። ሲያልቅ ኃላፊዋ ቢሮዋ ወስዳ አስፈረመችኝ። ቋሚ! ልጄ ስትሰማ ስልኩ ውስጥ እልል አለች።

የካቲት 11
ጋሼ እንዳለው መኪና ይዞ መጣ። ሥራ አግኝቻለሁ ብዬ ብነግረውም አላመነኝም፤ ለይሉኝታ ነው የምትይው አለ። ክንዱን ይዤ አዳራሹ ወሰድኩት።

መብራቱ ጠፋ። ኮከቦቹ ወጡ። ጋሼ ስሞቹን አንድ በአንድ ድምፁን አውጥቶ ማንበብ ጀመረ። ፊት ያሉት ዞረው አዩት፤ ግድም አልሰጠው። አዳኙ ላይ ሲደርስ ወደ እኔ ዞረ። "ይሄንንም አንቺ ነሽ የጻፍሽው?" አለ። ሁሉንም አልኩት። ከዚያ በኋላ እጄን ይዞ ጣሪያውን እስከ መጨረሻው አየ።

ስንወጣ መኪናው ጋ ቆመ። የኋላውን ወንበር ዕቃዬን ሊጭን አጥፎት ነበር የመጣው፤ መልሶ አቆመው።

"እንግዲህ እኛ ጋ አትመጪም ማለት ነው?" አለኝ።

"እመጣለሁ እንጂ ጋሼ" አልኩት። "እሁድ፣ ለምሳ። በእንግድነት።"